የምንሰማውን እንንገር፥ የተነገረንን እንስማ

«ምን እየሰማህ ነው?» የሚለው ጥያቄ በግቢያችን ከ«እንዴት አደርክ» ቀጥሎ የሚመጣ ሰላምታ ሆኗል። በምግብ አዳራሽ ሰልፍ፥ በቤተ መጻሕፍት ደረጃ፥ ማታም መብራት ከጠፋ በኋላ በየመኝታ ቤቱ፥ ተማሪ ለተማሪ ዘፈን ይጠቁማል። የትኛው አልበም ከዳር እስከ ዳር ሊደመጥ እንደሚገባው፥ ለየትኛው የሙዚቃ ትርዒት የኪስ ገንዘብ ቢወጣ እንደማይጸጽት ይከራከራል። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ከፈተና ጥናት ይልቅ ይሞቃል።

እኛ ይህን ልማድ እንወደዋለን። የምንጽፈውም ልንነቅፈው ሳይሆን ልናቃናው ነው። ልማዱ ትልቅ ሥራ ሊሠራ ሲችል፥ በዛሬው አያያዛችን ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ባዶ ወሬ፥ ወይ የጉራ መሣሪያ ሆኖ ይቀራል።

«አገር ስንትና ስንት ችግር እያለባት እናንተ ስለ ዘፈን ትጽፋላችሁን?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ተማሪ ከመምህሩ ቃል ይልቅ በጆሮው የሰካውን ዘፈን ለረጅም ሰዓት ይሰማል። በቀን ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የምንሰጠውን ነገር ሳናስብበት ማሳለፍ ለተማረ ሰው የሚገባ አይደለም። ደግሞም ከጎናችን የሚተኛው ተማሪ የሚሰማውን ለመስማት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው፥ የሚናገረውን ለመስማት ፈቃደኛ ይሆናል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስለዚህ ነገሩ ከዘፈን ያልፋል።

በመጀመሪያ አንድ ጥቆማ ምን ሊሠራ እንደሚችል እንመልከት። ዘመናቱን የምናስቀምጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ሙዚቃ ወዳድ፥ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ወዳጁ ይዞለት የመጣውን አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰማ። ሰምቶም ዝም አላለም። ሸክላውን በካሴት እየገለበጠ ሙዚቃ ለሚያውቁ ወዳጆቹ አደለ፤ ራሱም ሙዚቃውን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 «ኧረ መላ መላ» በቤልጅግ አገር ክራምድ ዲስክስ በተባለ አሳታሚ ታትሞ ወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻም እርሱ የሚያዘጋጀው «ኤቲዮፒክ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ በፓሪስ መታተም ጀመረ፤ እስካሁንም ከ25 የሚበልጡ ቅጾች ወጥተዋል። በ2005 የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ባስገባ ጊዜ፥ ስለ ኢትዮጵያ ምንም የማያውቁ ሰዎች በየአገሩ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ወዳጅ ለአንድ ወዳጅ የሰጠው አንድ ሸክላ ነበር።

ሁለተኛውን ምሳሌ እንጨምር። የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ፥ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርዒት በሄደ ጊዜ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሌሎች የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ መድረኩ ስለ ራቀው በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ያዘ። ከብዙ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አንድ አሜሪካዊ ያችን ካሴት ባሕር ዳር ከተማ አገኛት፤ በ2013ም እንደገና አሳተማት። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተጫወተ።

እነዚህን ታሪኮች ስንሰማ ደስታና ቁጭት አብረው ይመጣሉ። ደስታው ሥራዎቹ ስለ ተረፉ ነው። ቁጭቱ ደግሞ ሸክላውም ካሴቱም የወጡት ከእኛው ሱቅና ከእኛው ቤት ሆኖ ሳለ፥ «ይህን ስሙ» የሚለው ድምፅ ከሩቅ መምጣቱ ነው። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ሆኖም ሙዚቃውን ፈረንጅ ፈጠረው እንዳንል እንጠንቀቅ። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፥ በ1969 በድፍረት የራሱን የሸክላ ድርጅት ያቋቋመው አምሃ እሸቴ ነው። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስም ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አሳትሟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኋላ በባሕር ማዶ «ተገኙ» የተባሉት ናቸው። እነርሱ ግን ጠፍተው አያውቁም፤ የጠፋው «ስማ» ባዩ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። ሦስት ዓይነት ጠቋሚዎች አሉን።

የመጀመሪያው «ስማው፥ ያሳብዳል» ብሎ የሚያልፈው ነው። ማን እንደ ዘፈነው፥ ምኑ እንደሚያሳብድ፥ ከየት እንደሚጀመር አይናገርም። በአንድ ሌሊት 20 ዘፈን ይልክልናል፤ አንዱም ሳይሰማ በስልካችን ውስጥ ተከምሮ ይቀራል። ሁለተኛው ሌላ ሰው ያልሰማውን በመስማቱ ብቻ የሚኮራው ነው። ስማቸው ለአፍ የሚከብድ ባንዶችን ይደረድራል፤ የጠቆመውን ሌሎች ሲወዱለት ግን እርሱ ይጠላዋል። ዘፈኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአድማጩ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ሁልጊዜ ሰጪ እንጂ ተቀባይ ያልሆነው ነው። የእርሱን ሁሉ እንድንሰማለት ይፈልጋል፤ የእኛን ስንሰጠው ግን ግማሽ ደቂቃ ሰምቶ ጆሮውን ይነቅላል። ይህ ጥቆማ ሳይሆን ትእዛዝ ነው።

ከእነዚህ ሌላ አራተኛ ጠቋሚ መጥቷል፤ እርሱም በኪሳችን ያለው መሣሪያ ነው። ዛሬ ስልካችን ራሱ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላውን ያስከትልልናል። በዚህ ብዙ መልካም ነገር ያገኘን አለን፤ ይጣል አንልም። ነገር ግን የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። እርሱ የሚያቀርብልን በአብዛኛው ትናንት የወደድነውን የሚመስለውን ነው፤ ወይም ብዙ ሰው የሰማውን ነው። ጓደኛ ግን የማይመስለንንም ይሰጠናል፤ «አሁን አትወደው ይሆናል፥ ሦስት ጊዜ ስማውና ንገረኝ» ይለናል። ጓደኛ ሲጠቁም ስሙን ያስይዛል፤ ጥቆማው ካልያዘለት በማግሥቱ ቁርስ ላይ ይቀለድበታል። መሣሪያው ግን አያፍርም፥ አይከራከርም፥ ሐሳቡን ለውጦ «ትክክል ነበርክ» አይለንም። ጓደኛን በመሣሪያ ከለወጥን ዘፈን እናገኛለን እንጂ ወሬውን እናጣለን።

እንግዲህ ጥሩ ጥቆማ ምን ዓይነት ነው? እኛ የሚከተለውን እናስባለን።

አንደኛ፥ ስም ይጠራ። ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የግጥሙን ደራሲ፥ የዜማውን ደራሲ፥ ሙዚቃውን ያቀናበረውንና ቢቻል መሣሪያ የተጫወቱትን እንጥራ። የግርማ በየነ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በራሱ ድምፅ ጥቂት ዘፈኖችን ብቻ ያስቀረጸ ሰው ሲሆን፥ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ለሌሎች ዘፋኞች እጅግ ብዙ ዘፈኖችን አቀናብሯል። ዘፈኖቹን የሚያዜም ሞልቶ ሳለ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር። እርሱም ለረጅም ዘመን በአሜሪካ ከሙዚቃ ርቆ ኖረ፤ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባሉት የፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ ብዙ ወጣቶች ያን ጊዜ አወቁት። ስም የማይጠራ አድማጭ ሙዚቀኛውን ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ ዋጋውንም ክብሩንም ይነሣዋል።

ሁለተኛ፥ ምክንያት ይሰጥ። «ጥሩ ነው» ማለት ምክንያት አይደለም። «ሳክስፎኑ ከዘፋኙ ጋር እንደሚነጋገር ሆኖ ይገባል»፥ «ከበሮው ወደ ኋላ ይጎትታል፥ ባሱ ወደ ፊት ይገፋል» ማለት ግን ጆሮን ይመራል። ለዚህም የሙዚቃ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶች በጆሮው ለመለየት የሞከረ ሰው ቢሳሳት እንኳ ከዝምታ ይሻላል፤ ሌላው ያርመዋልና።

ሦስተኛ፥ ቁጥር ይወሰን። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ ሁለት ፊት ነበረው፤ በየፊቱም አንድ ዘፈን ይይዛል። ያ ትንሽነቱ አድማጩን ሸክላውን ገልብጦ ደግሞ እንዲሰማ ያስገድደው ነበር። እኛም በአንድ ጊዜ ከሁለት ዘፈን በላይ ባንጠቁም መልካም ነው።

አራተኛ፥ መልስ ይመለስ። ጥቆማ የተቀበለ ሰው ሰምቶ ቃሉን ይስጥ፤ ካልወደደም በግልጽ ይናገር። ጓደኛን ለማስደሰት ብቻ «ወድጄዋለሁ» ማለት ሁለቱንም ይጎዳል። የጣዕም ልዩነት ጠብ አይደለም።

ደንቡን ተናግረን ራሳችን ሳንፈጽመው ብንቀር ስለማያምር፥ ሁለት ጥቆማ እነሆ። በፈተና ሰሞን ሌሊት ለሚያጠና ተማሪ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች እንጠቁማለን። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ ዕድሜያቸውን ብዙውን በገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ፒያኖ የአውሮፓ መሣሪያ ነው፤ የእርሳቸው ጣቶች ግን የእኛን ዜማ ይናገሩበታል፤ ምቱም እንደ ሰው ትንፋሽ አንድ ጊዜ ይፈጥናል፥ አንድ ጊዜ ይዘገያል። ከ«ኤቲዮፒክ» ስብስብ በ2006 ከወጣው 21ኛው ቅጽ ይጀመር። ለተቀመጠ እግር ደግሞ የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» እንጠቁማለን። በ1977 የወጣ፥ የሰው ድምፅ ሳይሆን መሣሪያ የሚመራው አልበም ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ይሰማበታል። ያ ዘመን የሰዓት እላፊ የከተማውን ሌሊት የዘጋበት ዘመን እንደ ነበር እያሰባችሁ ስሙት።

ስለ ሙዚቃ ትርዒት የሚደረገው ጥቆማ ከአልበሙ ይለያል። አልበም ዛሬ ባይሰማ ነገ ይሰማል፤ ትርዒት ግን ካለፈ አለፈ። ስለዚህ ትርዒት የሚጠቁም ሰው ኃላፊነቱ ይበልጣል። ዋጋውን ይናገር፤ የተማሪ ኪስ የታወቀ ነውና። በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፥ ከዚያም ታክሲ ይገኝ እንደ ሆነና የግቢው በር ክፍት ይሆን እንደ ሆነ ይናገር። በተለይ እኅቶቻችን «ትርዒቱ ግሩም ነው» ተብለው ከሄዱ በኋላ በሌሊት መመለሻ አጥተው እንዲጨነቁ የሚያደርግ ጥቆማ፥ ሙዚቃው ምንም ግሩም ቢሆን ጥሩ ጥቆማ አይደለም። አብሮ ሄዶ አብሮ መመለስ የጥቆማው ክፍል ነው።

ትርዒት ሲባል ደግሞ ትልቅ አዳራሽና ውድ ትኬት ብቻ የሚታየን ለምንድን ነው? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲጫወቱ ሄዶ መስማት ይቻላል። በአዝማሪ ቤት መሰንቆ የያዘ ሰው በዚያች ደቂቃ የፈጠረውን ግጥም መስማት ይቻላል፤ ያ ግጥም በማንም ስልክ ላይ አይገኝም። በክብረ በዓል ዋዜማ በየደብሩ ማኅሌት ይቆማል፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ዜማዎች በጽናጽልና በከበሮ ሲወረቡ እስኪነጋ ይሰማሉ። በሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድም መንዙማ አለ። እነዚህ እንደ መዝናኛ የሚታዩ አይደሉም፤ በአክብሮት የሚቀርባቸው ሰው ግን ጆሮው ባለጸጋ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በየመኝታ ቤቱ በር ብናልፍ ዘፈኑ በቋንቋ ተከፋፍሎ እንሰማዋለን። በአንዱ በር ኦሮምኛ፥ በአንዱ ትግርኛ፥ በአንዱ አማርኛ፥ በሌላው እንግሊዝኛ ብቻ። ሰው የእናቱን ቋንቋ ዘፈን መውደዱ ተፈጥሮ ነው፤ ሊታፈርበትም ሊከለከልም አይገባም። የሚያሳዝነው ዘፈኑ ከበሩ አለመውጣቱ ነው። ጥቆማችን የሚዘዋወረው በገዛ ቋንቋችን ክበብ ውስጥ ከሆነ፥ ለሚያውቀው የሚያውቀውን እየነገርን ነው። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ጎረቤትን ለማናደድ ተብሎ ድምፁ ከፍ የሚደረግ ዘፈን አለ። ዘፈን በጡጫ ፈንታ ሲሰነዘር መስማት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውርደት ነው።

ይህ ግቢ ሌላ ምሳሌ አይቷል። በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ተጫዋቾች ክራርን፥ መሰንቆን፥ ዋሽንትን፥ በገናን፥ እምቢልታን ይዘው በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት እነዚህ መሣሪያዎች እንዲህ በአንድነት የመጫወት ልማድ አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ፥ የራሱ ጊዜ ነበረው። በኋላም ቡድኑን ተስፋዬ ለማ መራው፤ በ1969ም አሜሪካ ድረስ ሄዶ ታየ። እነዚያ ተጫዋቾች አብረው ለመጫወት ከሁሉ በፊት አንዱ የሌላውን መስማት ነበረባቸው። ከእኛ የሚጠበቀው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ መጫወት ሳይሆን መስማት ብቻ ነው።

ከዓሊ ቢራ መጀመር ይቻላል። በድሬዳዋ በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ ያደገው ይህ ታላቅ የኦሮምኛ ዘፋኝ፥ በ2022 እስካረፈበት ጊዜ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፥ በሐረሪ፥ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፍኗል። በ1994 ያረፈውን የትግርኛ ዘፋኝ ኪሮስ ዓለማየሁንም ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሊሰማው ይችላል። የዶርዜን ሰዎች የኅብረት ዜማ የሰማ ሰው ደግሞ ብዙ ድምፅ የተለያየ መንገድ ይዞ ሳይጋጭ እንዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ቃሉ ካልገባን ባለቋንቋውን መጠየቅ ነው። «ይህ መስመር ምን ማለት ነው?» ብሎ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ ተማሪ የሚያገኘው ትርጉም ብቻ አይደለም። ስለ አገሩ፥ ስለ እናቱ፥ ስለ ሠርጉና ስለ ልቅሶው ይነገረዋል። በስብሰባና በመፈክር ያልተገኘ መተዋወቅ በዚህ ሊገኝ ይችላል ብለን እናምናለን። ሁሉን ጠብ ያበርዳል አንልም፤ የማይተዋወቅ ሰው ግን ለጠብ ይቀርባል።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት ኮሚቴና ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንድ፥ ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። ማንም ተማሪ በቁራጭ ወረቀት ሁለት ዘፈን ወይም አንድ ትርዒት ይጠቁምበት፤ የሠሪዎቹን ስም፥ ምክንያቱንና የራሱን ስም ይጻፍ። ስም የሌለው ወረቀት ይነሣ።

ሁለት፥ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ የአንድ ሰዓት የመስሚያ ጊዜ ይደረግ። አንድ ተማሪ ሦስት ደቂቃ ይናገር፤ ከዚያ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ ይስማ፤ ከዚያ ክርክሩ ይከፈት። ለዚህ አንድ ክፍልና አንድ ድምፅ ማጉያ እንጂ በጀት አያስፈልግም።

ሦስት፥ በእያንዳንዱ ማታ ቢያንስ አንዱ ዘፈን አብዛኛው ተሰብሳቢ በማያውቀው ቋንቋ ይሁን፤ ባለቋንቋውም ቃሉን ይፍታልን።

«ማን ይመጣል?» የሚል ይኖራል። በመጀመሪያው ዓርብ ስምንት ሰው ቢመጣ 16 ዘፈን ይዞ መጣ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ይህች በማባዣ የምትወጣ መጽሔታችንም ከሰሌዳው የተመረጡትን ጥቆማዎች በየእትሙ ታወጣለች። ወረቀታችሁን ከወዲሁ ላኩልን፤ የዘፋኙን ስም፥ የአቀናባሪውን ስም፥ የራሳችሁንም ስም አትርሱ። ያልወደድነውንም እናወጣለን፤ ለምን እንዳልወደድነው ከሥሩ ጽፈን።